ያነበቡትን መጽሐፍ ደግሞ ስለ ማንበብ

አንድ ጊዜ ተነቦ ያለቀውን መጽሐፍ፥ ይልቁንም ፍቅርንና ሣቅን የያዘውን ልብ ወለድ ታሪክ፥ ዳግመኛ ሲገልጥ የተገኘ ሰው ሥራ ፈት መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ማን ማንን እንዳገባ ካወቀ፥ አታላዩም ማን እንደ ሆነ ከተገለጠለት በኋላ ምን ቀርቶት ይመለስበታል ይላሉ። ነገር ግን በኢትዮጵያ የንባብ ሥርዓት መመላለስ ከቶ ነውር ሆኖ አያውቅም። መዝሙረ ዳዊትን የሚጸልይ ሰው ዳዊት ይደግማል ይባላል፤ ንባብ ቤት የገባም ልጅ ያንኑ ገጽ ግእዙን፥ ውርዱን፥ ቁሙን እያለ ሳይመላለስበት ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ልብ ወለድ ከቅዱስ መጽሐፍ ጋራ በክብር የማይተካከል መሆኑን መናገር አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ንባብ ከፊተኛው የሚለይበት ምክንያት ግን በዚህም በዚያም ስላለ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ለነገሩ ምሳሌ ይሆን ዘንድ ከእንግሊዝ አገር ልብ ወለዶች አንዱን ማንሣት ይበቃል። ይኸውም ወይዘሪት ጄን ኦስተን የደረሰችው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1813 ዓ.ም. በሦስት ቅጽ ታትሞ የወጣው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» የተባለው መጽሐፍ ነው፤ ኩራትና ሳይመረምሩ መፍረድ ማለት ነው። ደራሲቱ የስቲቨንተን ደብር ቄስ ልጅ ነበረች። መጽሐፉን መጀመሪያ የጻፈችው በ1796 እና በ1797 ሲሆን፥ ያን ጊዜ የሰጠችው ስም በመጀመሪያ ዐይን የታየ እንደ ማለት ነበር። አባቷ በ1797 ስለ አንድ ድርሰቷ ወደ አንድ አሳታሚ ቢጽፉ፥ ይኸውም ይህ ራሱ እንደ ነበረ ይታመናል፥ አሳታሚው ጽሑፉን ሳያይ አልፈልግም ብሎ መለሰላቸው። ሳይመረምሩ ስለ መፍረድ የተጻፈው መጽሐፍ ሳይመረመር ተፈረደበት ማለት ነው። ከ16 ዓመት በኋላ ሲታተምም ስሟ አልተጻፈበትም፤ የተከፈላትም 110 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ይህን መጽሐፍ ደጋግመው ካነበቡት ሰዎች አንዱ ሰር ዋልተር ስኮት ነው። እርሱ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት በመጻፍ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የተጠራ ደራሲ ነበረ። በማርች ወር 1826 ዓ.ም. ግን ይህን በገጠር ሰዎች ቤት ስለሚደረግ ጨዋታና ጋብቻ የተጻፈውን ታሪክ ቢያንስ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበቡን በዕለት ማስታወሻው ላይ ጽፎ፥ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሥራ እርሱ ሊሠራው እንደማይቻለው መስክሮአል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሚስተር ቤኔት የተባለ የገጠር ባለ ርስት በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባ መሬትና አምስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ ልጅ ግን የለውም። ርስቱ ለወንድ ወራሽ ብቻ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ እርሱ የሞተ ቀን ቤቱ ኮሊንስ ለሚባል ዘመድ ይሆናል፤ ልጆቹም ከደጅ ይወድቃሉ። በዓመት 10,000 ፓውንድ ገቢ ያለው ሚስተር ዳርሲ ወደዚያ አገር መጥቶ በአንድ የጭፈራ ግብዣ ላይ ሁለተኛዪቱን ልጅ ኤልሳቤጥን፥ እርሷው እየሰማች፥ አብሯት ሊጨፍር የሚያበቃ ውበት እንደሌላት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ዊክሃም የሚባል መልከ መልካም መኰንን መጣ፤ በተዋወቃት በማግስቱም የዳርሲ አባት የተናዘዙለትን የደብር ሹመት ዳርሲ እንደ ከለከለው አጫወታት። ኤልሳቤጥ አመነችው። መጽሐፉን መጀመሪያ ጊዜ የሚያነብም ያምነዋል።

ሁለተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው ግን እዚህ ስፍራ ሲደርስ ያፍራል። ዊክሃም ስለ ዳርሲ አባት ክብር ልጁን እንደማያዋርድ ሲናገር፥ በዚያው አፍ ለማያውቃት ልጃገረድ ልጁን እያዋረደ ነው። ዳርሲን እንደማይሸሽ ፎክሮ ዳርሲ ከሚገኝበት ግብዣ ቀረ። ይህ ሁሉ በግልጥ ተጽፎአል፤ ደራሲቱ አልደበቀችውም፤ የሰወረው የአንባቢው ችኰላ ነው። ተናጋሪው ደስ የሚል ፊት ስላለው ብቻ የአንዱን ወገን ቃል ሰምቶ የፈረደ ዳኛ፥ መዝገቡ ከይግባኝ ተመልሶ ሲመጣበት እንደሚሰማው ያለ ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ ሄዶ ወርቁን በማግስቱ ሲያገኘው ይሥቃል፤ እዚህ ግን ሣቁ ከእፍረት ጋራ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ኤልሳቤጥ ራሷ ዳግመኛ አንባቢ መሆንዋ ነው። ዳርሲ ላግባሽ ቢላት በቍጣ ከመለሰችው በኋላ፥ በማግስቱ ደብዳቤ ሰጣት። ዊክሃም የደብሩን ነገር ትቶ በምትኩ 3,000 ፓውንድ እንደ ተቀበለ፥ ከዚያም 30,000 ፓውንድ ያላትን የ15 ዓመት እኅቱን አባብሎ ሊያስኰበልላት እንደ ነበረ ይናገራል። ኤልሳቤጥ መጀመሪያ በንዴት አነበበችው፤ ሐሰት ነው ብላ ዳግመኛ ላታየው ወስና አጠፈችው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ዘረጋችው። በመንገዱ ላይ እየተመላለሰች ቃል በቃል መረመረችው፤ በኋላም ወደ ቤቷ ስትመለስ በቃሏ ልትይዘው ጥቂት ቀርቶአት ነበር። የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው፤ አንዲት ልጃገረድ አንድ ወረቀት ደግማ ታነባለች፤ ፍርዷም ይገለበጣል።

ሁለተኛው ንባብ በሌሎቹም ሰዎች ላይ ሚዛኑን ይለውጣል። በፊተኛው ንባብ ሚስተር ቤኔት ይወደዳል፤ ቀልዱ ስለት አለው፤ የሚስቱን ጫጫታ ሸሽቶ ከመጻሕፍቱ ክፍል ይገባል። ልጆች ያሳደገ ሰው ይህን ሲደግመው ግን ሣቁ እየቀነሰ ይሄዳል። ገቢውን በየዓመቱ ሲጨርስ ለልጆቹ ያስቀመጠው የለም። ትንሿ ልጁ ሊድያ ወታደሮች ወደ ሰፈሩበት ወደ ብራይተን እንዳትሄድ ኤልሳቤጥ ብትለምነው፥ ለቤቱ ጸጥታ ሲል ለቀቃት፤ ከዚያም ከዊክሃም ጋራ ኰበለለች። እንዲህ ያለ አለቃ በመሥሪያ ቤትም አይታጣም፤ ቃሉ ጣፋጭ፥ መዝገቡ ግን ያልተከፈተ። የሚሣቅባት እናት ነገረ ሥራዋ ሁሉ ሞኝነት ቢሆንም፥ አምስቱ ልጆች ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ዘወትር የምትጨነቀው እርሷ ናት። ኤልሳቤጥ እንቢ ያለችውን ኮሊንስን የ27 ዓመቷ ሻርሎት ሉካስ ስታገባውም ወጣት አንባቢ ይፈርድባታል፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ያነበበው ግን የራስዋ ቤት ማግኘቷን ያይላታል።

በስንተኛውም ንባብ ሣቁ የማይጐድለው ይኸው ሚስተር ኮሊንስ ነው። ቄስ ነው፤ ደብሩን የሰጠችውን ሌዲ ካተሪንን ለማመስገን ከስብከቱ ይልቅ ይተጋል። የሙገሳ ቃሎችን አስቀድሞ እያዘጋጀ፥ ሲናገራቸው ግን ድንገት የመጡለት እንዲመስል እንደሚያደርግ ራሱ ያወጣዋል። አንድ ማታ እንዲያነብላቸው ልብ ወለድ ቢያቀርቡለት ደንግጦ ወደ ኋላው አለ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደማያነብ ተናግሮ የስብከት መጽሐፍ አነሣ፤ ሦስት ገጽ ሳይሞላ ሊድያ አቋረጠችው። ልብ ወለድን የሚንቀው ካህን በልብ ወለድ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቅ ሆኖ መቀመጡን የቄስ ልጅ የሆነችው ደራሲ ያለ ምክንያት አላደረገችውም። ክፋቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚታየው። ሊድያ ካገባች በኋላ ለአባቷ ሲጽፍ፥ በክርስቲያንነት ይቅር ሊሏት እንደሚገባ፥ ነገር ግን ከፊታቸው እንዳያቀርቧት፥ ስሟም በጆሯቸው እንዳይጠራ ይመክራል። ፊተኛው ንባብ ይህን በሣቅ ያልፈዋል፤ የንስሐ ልጆች ያሉት አንባቢ ሲደግመው ግን እዚህ ላይ ቆም ይላል።

በመጨረሻ ዳርሲና ኤልሳቤጥ በታረቁ ጊዜ፥ ዳርሲ ያን ደብዳቤ አጥፍታው እንደ ሆነ ተስፋ ማድረጉን ነገራት፤ ይልቁንም መጀመሪያውን ክፍል ደግማ ማንበብ እንደምትችል ማሰቡ ያስፈራዋል። እርሷም ፍቅሯ እንዳይጐድል ይህ አስፈላጊ ከመሰለው እንደምታቃጥለው መለሰችለት። ደብዳቤው ተቃጥሎ ይሁን ወይም በሣጥኗ ተቀምጦ፥ መጽሐፉ ሳይናገር ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች እንደ ገና ገልጦ የፈለገም አያገኘውም።