ፍሪጁን ማስነሳት ያቃተው ኢንቨርተር

ሐራ ላይ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እኔ ወደ ፍሪጁ እንሮጣለን። ባለቤቴ ስኳር አለባቸው፤ የሦስት ወር ኢንሱሊናቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ከደረሰ በኋላ ወራት ያለ መብራት ስንቆይ ጠርሙሶቹን እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ ነበር የማኖራቸው። ያ እንዳይደገም ብዬ ነው ኋላ ላይ ባትሪና ኢንቨርተር የገዛሁት።

ሻጩ ሒሳቡን በአፉ ሠራልኝ። «ፍሪጅዎ 100 ዋት ነው፤ ይኼ 500 ነው፤ አምስት እጥፍ!» እኔም አመንኩ። ቤት ወስደን በአምፖልና በቴሌቪዥን ሞከርነው፤ ሠራ። ፍሪጁን መሞከር ግን አላሰብኩም። ከዚያ ለለቅሶ መርሳ ሄደን ሳምንት ቆይተን ስንመለስ መብራት የለም፤ ኢንቨርተሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ፍሪጁ ሞቋል። ብዙው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የእኛ ቆርቆሮ ጣራ ግን እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ያልፋል። ጠርሙሱን ብታዩት ጥርት ያለ ነው፤ መበላሸቱ በዓይን አይታወቅም። ሁሉንም ጣልኩ። ምትኩን የገዛነው ለበዓል ያሰብናትን ፍየል ሸጠን ነው።

ስህተቱ የት ነበር? የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ጉልበት ይስባል። የቆመ መኪና ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይጠራል፤ ከተንከባለለ በኋላ ሁለቱ ይበቃሉ። 100 ዋት የተጻፈበት ፍሪጅ ሲነሳ 600 ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አንዳንዴ ኢንቨርተሩ ለሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጠይቁ። አሁን ያለን ያለማቋረጥ 1000 ዋት የሚሰጥ፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ርካሾቹ የሚያወጡት ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም።

ለጎረቤቶቼ የማስረዳው በግሉኮስ ነው። ባትሪው ከረጢቱ ነው፤ ኢንቨርተሩ መርፌው። መርፌው ቢወፍር ከረጢቱ ውስጥ ያለው አይጨምርም። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ቢበዛ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ 600 ብላችሁ አስቡት። ሞተሩ ከሰዓቱ ሲሶውን ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ በዚህ ከግማሽ ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለሁለት ቀን የምትፈልጉ ባትሪ ጨምሩ፣ ወይም ሶላር አስገጥሙ። እኔ ፍሪጁ ውስጥ በረዶ የያዙ ጠርሙሶችም አኖራለሁ። ኢንሱሊኑ ግን በረዶው አጠገብ አይቀመጥም፤ በረዶ ከሠራ አይጠቅምም።

«እንግዲያው 3000 ዋት ልግዛ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ትልቁ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበትም ባትሪውን ይበላል። ለምጣድ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ነው፣ በ12 ቮልት ባትሪ ከ250 አምፔር በላይ ይስባል። በማገዶ ጋግሩ። 1000 ዋቱ ራሱ ከ80 አምፔር በላይ ስለሚስብ ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ገመድ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ባትሪው ጋ ፊውዝ ይግባ። የመጀመሪያው ገመዳችን በእጅ ሲነካ የሚፋጅ ነበር።

አያቶች በተለይ ይህን ስሙኝ፦ ከኢንቨርተር የሚወጣው 220 ቮልት ከመንገዱ ምሰሶ እንደሚመጣው ሁሉ ይገድላል። ባትሪው ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ አልጋ ሥር አይገባም፣ ሻማም አይቀርበውም። ከኢንቨርተሩ ገመድ ዘርግቶ የግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት ደግሞ ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ባለፈው ሳምንት መብራት ማታ ጠፍቶ ያደረው እስከ ጠዋት ነው። የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ልክፈት አለች፤ ባለቤቴ «ፍሪጁ ይቅደም» አሏት። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 6 ዲግሪ ያሳይ ነበር።