ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን መቀበል፤ ኤቲፒ ከማይቶኮንድሪያ እንዴት ይወጣል?

በቡታጅራ ገበያ ቆጮውን በጎመንና በአይብ በልቶ የበርበሬ ጆንያ የሚሸከም ወጣት እናስብ። የበላው ቆጮ ስታርች ወደ ግሉኮስ ተለውጦ በደም አማካይነት ወደ ጡንቻው ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጡንቻ ግሉኮስን እንዳለ አይጠቀምበትም። ጡንቻን በቀጥታ የሚያንቀሳቅሰው ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ነው። ኤቲፒ ከሦስቱ ፎስፌቶቹ አንዱ ሲለየው ኃይል ሰጥቶ ኤዲፒ ይሆናል።

በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ወቅት የሚገኘው ኤቲፒ በግራም የሚቆጠር ሲሆን፣ በቀን የምንጠቀምበት ግን ከራሳችን ክብደት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ያው ሞለኪውል በየቀኑ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ መታደስ አለበት። እድሳቱ በአብዛኛው የሚካሄደው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው፤ ፍጆታው ግን በብዛት ከውጭ ነው። ታዲያ ኤቲፒ እንዴት ይወጣል?

ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋኖች አሉት። የውጩ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ስላሉት ኤቲፒንና ኤዲፒን ያሳልፋል። የውስጡ ግን እጅግ ጥብቅ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዳው፣ ከምግብ የተገኘው ኃይል ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል፤ እነርሱ ተመልሰው ሲገቡ ኤዲፒ ወደ ኤቲፒ ይታደሳል። ሽፋኑ ቢያሾልክ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ በሆነ ነበር።

በሀገራችን ለስላሳ መጠጥ በጠርሙስ ልንገዛ ስንሄድ ባለሱቁ አስቀድሞ ባዶ ጠርሙስ መያዛችንን ይጠይቀናል። በውስጠኛው ሽፋን ላይ የሚገኘው አጓጓዥ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ኤዲፒ ተቀብሎ አንድ ኤቲፒ ያስወጣል። ፕሮቲኑ ወደ ሦስት መቶ ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ሽፋኑን የሚያቋርጡ ስድስት ጥምዝምዝ ምሰሶዎች በመሐላቸው ጎድጓዳ ስፍራ ይፈጥራሉ። ስፍራው ወደ ውጭ ሲከፈት ኤዲፒ ይገባል፤ ከዚያም በውጭ በኩል ተዘግቶ በውስጥ በኩል ይከፈታል። ኤዲፒው ሲወርድ ኤቲፒ ይተካዋል፤ በሩም ይገለበጣል። በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይከፈትም።

አቅጣጫው ለምን አይገለበጥም? ኤቲፒ አራት፣ ኤዲፒ ሦስት አሉታዊ ሙሎች አሏቸው። የሽፋኑ የውስጥ ወገን አሉታዊ ስለሆነ ይበልጥ አሉታዊ የሆነውን ኤቲፒን ወደ ውጭ ይገፋል። ለእድሳቱ የሚያስፈልገውን ፎስፌት ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ሌላ ፕሮቲን ያስገባል። በሰው ሕዋሳት የዚህ ቤተሰብ አባላት 53 ናቸው።

ይህ በር ቢቆለፍስ? እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሞዛምቢክ ቺቲማ በተባለ ስፍራ ፖምቤ የተባለውን ባህላዊ መጠጥ ጠጥተው 75 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው ቦንግክሬኪክ አሲድ የተባለ የባክቴሪያ መርዝ ተገኘ፤ ለመጠጡ የዋለውም የበቆሎ ዱቄት ጎርፍ ያገኘው ነበር። መርዙ አጓጓዡን ወደ ውስጥ እንደተከፈተ ይቆልፈዋል። ኤዲፒ አይገባም፤ ኤቲፒ አይወጣም። ሕዋሱ ምግብም ኦክስጅንም እያለው በኃይል እጦት ይሞታል። መርዙ ምግብን በማብሰል አይጠፋም። ይህ ማለት የተቦካ ምግብ ሁሉ አደገኛ ነው ማለት ሳይሆን፣ እርጥበት ያበላሸውን ዱቄት ለምግብም ለመጠጥም ማዋል እንደማይገባ የሚያስተምር ነው።

የሚገርመው ግን መርዞቹ ለሳይንስም መጥቀማቸው ነው። ያለማቋረጥ የሚገለባበጠውን ፕሮቲን ቅርጽ ማየት አዳጋች ነበር። ካርቦክሲአትራክቲሎሳይድ የተባለ የዕፅዋት መርዝ ወደ ውጭ እንደተከፈተ ስለሚቆልፈው፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያንን ቅርጽ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በቦንግክሬኪክ አሲድ ተቆልፎ ወደ ውስጥ የተከፈተው ቅርጽ ታወቀ። የበሩ አሠራር የተገለጠው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው።

እንግዲህ የቡታጅራው ወጣት ጆንያውን ለማንሳት ቆጮ መብላቱና ኤቲፒ መሠራቱ ብቻ አይበቃውም። የተሠራው ኤቲፒ በዚህች ጠባብ በር አንድ ለአንድ እየተለወጠ መውጣት አለበት።