የመስክ ተሽከርካሪ ጎማን በትልቅ ጎማ ስለመተካት ባለንብረቶች ሊያውቁት የሚገባ

በክረምት ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ስናን ወረዳ ቀበሌዎች ወይም በእነማይና በደጀን የመረሬ መሬት ላይ የሚመላለስ ባለንብረት ከፋብሪካው ጎማ ተለቅ ያለ ጎማ ለማስገጠም ቢያስብ የሚያስገርም አይደለም። ጭቃው ጥልቅ ነው፤ የተሽከርካሪው ሆድም በመንገዱ መሐል በሚቀረው ጉብታ ላይ እየተቀመጠ ጉዞውን ያቋርጣል። ይሁንና ይኸው ተሽከርካሪ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለመለዋወጫ ግዥ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም። በዚህ ጉዞ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ውሳኔው በጭቃው ብቻ ሳይሆን በዚህ ቁልቁለት ጭምር መመዘን ይኖርበታል።

የጎማ ልክ በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 265/70 አር 16 የሚለው ጽሑፍ የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 16 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በምትኩ 285/75 አር 16 ቢገጠም ቁመቱ ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የተሽከርካሪውን ሆድ ከመሬት ከፍ የሚያደርገው የዚህ ግማሽ ብቻ ስለሆነ ትርፉ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በአንጻሩ የጎማው ዙሪያ ከ7 በመቶ በላይ ይጨምራል (በሽያጭ ጊዜ ስለ ቁመቱ እንጂ ስለዚህ ብዙም አይነሳም)። በዚህ ምክንያት የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 64 ያልፋል። ዘይት ለመቀየር 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠብቅ ባለንብረትም በተግባር 5,360 ገደማ ይጓዛል። ከዚህ የሚብሰው ግን በዳገትና በቁልቁለት ላይ የሚታየው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ኃይሉን አስቀድሞ አጥቷል። ትልቅ ጎማ በመንኮራኩሩ ላይ የቀረውን ጉልበት እንደገና ይቀንሰዋል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ የሚተማመነው በሞተሩ የመያዝ አቅም ነው። ጎማው ሲያድግ ይህ የመያዝ ኃይል በዚያው መጠን ይላላል፤ ተሽከርካሪውም በለመደው ማርሽ ከለመደው በላይ ይፈጥናል። ቀሪው ሸክም በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬኑ ግን አልተለወጠም፤ የተሠራው ለአነስተኛው ጎማ ነው። የዓባይን በረሃ ጭነት ይዞ የሚወርድ ተሽከርካሪ ሸራው ግሎ የመያዝ አቅሙን ቢያጣ ማቆሚያ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ለጭቃው ችግር ብዙ ጊዜ በቂ የሚሆነው የጎማውን ልክ ሳይለውጡ ጥርሱ ጥልቅና ክፍት የሆነ የጭቃ ጎማ መምረጥ ነው። በመረሬ አፈር ላይ የሚያንሸራትተው በአብዛኛው ጥርሱ በጭቃ የተደፈነ ወይም ያለቀ ጎማ ነው። በጣም ሰፊ ጎማ ደግሞ ቀጭኑን የላይኛ ጭቃ ሰንጥቆ ወደ ጠንካራው መሬት ከመድረስ ይልቅ ሊንሳፈፍ ይችላል። ባለንብረቱ ልኩን ማሳደግ ግድ ከሆነበት እንደ 265/75 አር 16 ያለው መለስተኛ ለውጥ ልዩነቱን ወደ 3 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚያስገኘው ከፍታም አንድ ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ነው። አዲሱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ካለው የፋብሪካ ሰሌዳ ማነስ የለበትም። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ባሌስትራው በጭነት ሲወርድም ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ በባለሙያ ሊታይ ይገባል።

ተሽከርካሪዎች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው ጎማን፣ ፍሬንንና መሪን ስለሚመለከት ባለንብረቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊብሬውን ይዞ ፋይሉ ወደሚገኝበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በመቅረብ ያሰበው ልክ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ቢጠይቅ ከድካም ይድናል። ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ማሳወቅና የደረሰኙን ቅጂ መያዝ ይመከራል።

በጎማው ጎን ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳዩ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጎማ እንደ አዲስ ሊታሰብ አይገባም። አራቱም ጎማዎች በአንድ ልክ መሆን አለባቸው፤ በፊትና በኋላ የተለያየ ልክ ያለው ተሽከርካሪ ባለ አራት ጎማ መንጃው ሲገባ ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ተቀያሪው ጎማም እንዲሁ በዚያው ልክ ሊገዛ ስለሚገባ ወጪው ሲሰላ ከመጀመሪያው በአምስት ጎማ ይሁን።