በሳይንስ የሚቀልድ ዘፈን እንዴት ይሠራል? ከፊልክ እስከ አምባሰል

የጠፈር መርከብ፣ ሮቦትና ዘንዶ ያለበት ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጊታር ይዘው ስለነዚሁ ነገሮች እየቀለዱ ሲዘፍኑ አስቡ። ይሄ ነገር ስም አለው፤ ፊልክ ይባላል። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሊ ጃኮብስ የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪ «ፎክ» ማለትም የሕዝብ ዘፈን ብሎ ሊጽፍ ሲል በታይፕ ስህተት «ፊልክ» ሆነ። ስህተቱ ተወደደና እዚያው ቀረ።

የፊልክ አንዱ ዋና ዘዴ ቀላል ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ዜማ ወስዶ አዲስ ግጥም መጫን። ከፊልክ ሰፈር ውጭም ይሠራል። የሂሳብ ሊቁ ቶም ሌረር በ1959 (እ.ኤ.አ.) ያኔ የታወቁትን 102 ንጥረ ነገሮች ስም በ1879 በተሠራ የኦፔሬታ ዜማ ላይ ደርድሮ አስቀርጿል። ዛሬ 118 ስለደረሱ ዘፈኑ 16 ይጎድለዋል!

ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለችም

በታወቀ ዜማ ላይ እዚያው በቦታው አዲስ ግጥም መግጠም የአዝማሪ የዘወትር ሥራ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ከጎረቤቶቻችን ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ይገኛሉ። የቀሩት ትዝታና አንቺ ሆዬ ናቸው።

ቅኝትን በምህንድስና ዓይን እንየው። የመሲንቆ ክር በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። በፒያኖ ይህ ርቀት 12 እኩል እርምጃ አለው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ድግግሞሹ በ1.06 ገደማ ይባዛል። ቅኝቶቻችን ከ12ቱ አምስት ድምፅ ብቻ ይመርጣሉ። በፒያኖ ሲገመት የትዝታ ሜጀር እርምጃዎች 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ሲሆኑ የአምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ናቸው። ሁለቱም ሲደመሩ 12 ይመጣሉ። ድምፆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ስለሚለያይ ግን ስሜታቸው ፍጹም ሌላ ነው።

አሁን እንሞክር

ብዙ የአማርኛ ግጥም የሚሄደው በየወል ቤት ነው፤ በአንድ ስንኝ 12 ምት፣ መሐሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ 6 እና 6። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን አፋችን የሚያወጣው ምት ነው። «ክብደቴ» አራት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ክብ-ደ-ቴ፣ ሦስት ምት። ለዚህ ጽሑፍ የገጠምኩት ይኸውላችሁ፦

ጨረቃ ላይ ብሄድ ክብደቴ ቀነሰ፣
የሚስበኝ ሁሉ እዛ ስላነሰ።

ሰሙ ፊዚክስ ነው። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ ምድር ላይ 60 ኪሎ የሚያሳይ ሚዛን እዚያ 10 ገደማ ያሳያል። ወርቁ ደግሞ «ልቤን የምትስበው ምድር ቀርታለች» ነው። ሁለቱን የተሸከመው «የሚስበኝ» የሚለው አንድ ቃል ነው።

አሁን «ክብደቴ» በሚለው ቦታ «መጠነ ቁሴ» ብንል ምን ይመጣል? ምቱ ሁለት ከመጨመሩ በላይ ፊዚክሱ ይበላሻል። የሰውነታችን መጠነ ቁስ ጨረቃ ላይም ያው ነው፤ የሚቀንሰው የሚስበው ኃይል ነው። ብዙዎቻችን በፈተና የምንሳሳተው እዚሁ ጋ ነው።

ቀልዱ ለምን ይጠቅማል?

ቀመር ሳይገባን ሸምድደን ፈተና ማለፍ እንችላለን። ቀልድ ግን ሳይገባን አንስቅም፤ መግጠም ደግሞ ይብሳል። ሰምና ወርቅ ለመሥራት ቃሉ በሳይንስ ምን ማለት እንደሆነ፣ በሰፈር ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ማወቅ ግድ ነው። እግረ መንገዳችንንም ሳይንስን በራሳችን ቋንቋ ማውራት እንለምዳለን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቅኝት የሁላችንም ነው፤ የአንድ ዘፈን ዜማ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ለጓደኛ ከማንጎራጎር አልፋችሁ ልታሰራጩት ካሰባችሁ የሕዝብ ዜማ ምረጡ ወይም ፈቃድ ጠይቁ።

«ሞገድ»፣ «ኃይል»፣ «ግፊት»፣ «ሙቀት»... ሁለት ትርጉም የሚሸከሙ የሳይንስ ቃላት ሞልተዋል። አንዱን ምረጡ፣ 12 ምት ቁጠሩ፣ ከዚያ ለፊዚክስ አስተማሪያችሁ ዝፈኑላቸው። ከሳቁ ገብቷችኋል ማለት ነው።