የሐይቁን ሕመም ቀድመው የሚያውቁት

የሐይቅ ውኃ ሲበከል ለውጡን አስቀድሞ የሚያየው በየዕለቱ ውኃውን የሚቀዳውና ዓሣ የሚያጠምድበት ሰው ነው። ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሽታ ሲያመጣ፣ ዋኝተው የወጡ ልጆችን ገላቸውን ሲያሳክካቸው ምልክቱ ከላቦራቶሪ በፊት እርሱ ዘንድ ይደርሳል። የዳርቻውን ነዋሪ ማድመጥ ጤናን የመጠበቅ አንዱ መንገድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ጥሩ ማሳያ ነው። በገዳማቱ የሚታወቀው ዘጌ በነባር ሥርዓቱ አይታረስም፤ ከብትም አይረባበትም። ሕዝቡ የሚተዳደረው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ይህ ሥርዓት ያቆየው ደን አፈሩን ይዞ ሐይቁን ከደለል ይጠብቃል። ገቢ ሲያንስ ግን ዛፍ ቆርጦ ለማገዶ መሸጥ ይመጣል። በዚያ ላይ ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወጣ ፍሳሽ በቀላሉ ይጎዱታል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሐይቁ የታየው እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ነው።

በጣና ዳርቻ ከሚታወቁት በሽታዎች አንዱ ቢልሃርዝያ ነው። የበሽታው እንቁላል ከታማሚው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ውኃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ገላ ማሳከክ፣ ቆይቶም ትኩሳት፣ የሆድ ሕመምና ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ምልክቶቹ ናቸው። ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። መድኃኒቱ ያድናል፤ ዳግም ከመያዝ ግን አይከላከልም። ስለዚህ የታከመ ልጅ ወደዚያው ውኃ ከተመለሰ በሽታውም ይመለሳል።

ሌላው ስጋት ንጥረ ነገር በበዛበት ውኃ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ሳይኖባክቴሪያ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ውኃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝም ሆነ ኬሚካልን አያጠፋም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማድረግ ይመከራል፦

• የሐይቅ ውኃ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት በደንብ ይፍላ። አረንጓዴ ከተንሳፈፈበት ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ ቦታ አይቀዳ፤ ልጆችም አይዋኙበት።
• ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ ቢያንስ ሁለት ቀን በዕቃ ተቀምጦ ቢቆይ ወይም ቢፈላ የቢልሃርዝያን ስጋት ይቀንሳል።
• ሜዳ ላይ መጸዳዳት ይቅር፤ የመጸዳጃ ጉድጓድም ከሐይቁ ራቅ ብሎ ይቆፈር።
• ምልክቱ የታየበት ሰው በራሱ መድኃኒት ከመውሰድ ይልቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። በሐይቁ ውስጥ እንደሚሠራ ወይም እንደሚዋኝ ለሐኪሙ ይንገር።

ይህ ሁሉ ግን ምንጩ ካልደረቀ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ነዋሪው የተለየ ነገር ሲያይ ቀኑን፣ ቦታውንና ያየውን ጽፎ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ለቀበሌው ቢያስታውቅ፣ በአንድ መንደር ብዙ ልጆች በአንድ ሰሞን መታመማቸው ቶሎ ይታወቃል። ባለሙያውም «ወሬ ነው» ብሎ ከማለፍ ወርዶ ማየት፣ ውኃውን ማስመርመርና ውጤቱን ለነዋሪው መልሶ መንገር አለበት። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርምና።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘትን መብት ደንግጓል። አንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ላይ የሚወጣ ፖሊሲና ፕሮጀክት የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም ብክለት ባደረሰ አካል ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ፈቅዷል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዓሣ አጥማጁ «ውኃው ተለውጧል» ባለ ዕለት ቢሰማ፣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ የሚሰለፈው ሕመምተኛ ያነሰ ይሆናል።