በሥራ ላይ ሳሉ ሌላ ሥራ መፈለግና የምስክሮች ጉዳይ

የቤት ኪራዩም፥ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም፥ ለወላጆች የሚቈረጠውም ገንዘብ ከአንድ ደመወዝ የሚወጣ በሆነ ጊዜ ሥራ መለወጥ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ የተሻለ ሥራ የሚፈልግ ሰው፥ አዲሱ ሳይጨበጥ አሮጌው እንዳይቋረጥበት አሳቡን ለጊዜው በልቡ ቢይዝ፥ እኛ ነውር ነው አንልም። መሰወር ሌላ፥ መዋሸት ሌላ ነው። ችግሩ የሚመጣው አዲሱ አሠሪ «ስለ እርስዎ ማንን እንጠይቅ?» ባለ ጊዜ ነው።

ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነው። የገንዘብ ሣጥን ወይም የሕሙማን መድኃኒት ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ አሠሪ ስለ ጠባዩና ስለ ችሎታው ቢመረምር አይወቀስም። ነገር ግን አንዲት የስልክ ጥሪ ጊዜዋ ሳይደርስ አሁን ላለው አለቃ ብትደርስ፥ ሠራተኛው አዲሱን ሳያገኝ በአሮጌው ዘንድ በጥርጣሬ ዓይን መታየት ይጀምራል። አዲስ አበባን የመሰለ ሰፊ ከተማ እንኳ በዚህ ረገድ ጠባብ ነው፤ የአንዱ መሥሪያ ቤት ኀላፊ የሌላውን ኀላፊ በዕድር ወይም በጽዋ ማኅበር ያውቀዋል፤ ወሬም ከለቅሶ ቤት ድንኳን ይልቅ የሚመቸው ስፍራ የለም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን ለአዲሱ አሠሪ በግልጽ መናገር ይገባል። በማመልከቻው ግርጌ «አሁን የምሠራበት ድርጅት ይህን ማመልከቻዬን ስለማያውቅ፥ ቅጥሩ እስኪቈረጥ ድረስ ከዚያ ማንንም እንዳትጠይቁብኝ በትሕትና እለምናለሁ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። አስተዋይ አሠሪ በዚህ አይቈጣም። እንዲያውም ይህን ልመና ሰምቶ እንቢ የሚል ቢገኝ፥ ነገ ደግሞ የሠራተኛውን ምስጢር እንዴት ይጠብቅ ይሆን ብለን እንጠራጠራለን።

በአሁኑ አለቃ ፈንታ የሚጠሩ ምስክሮች አይጠፉም፦ የቀድሞ መሥሪያ ቤት አለቃ፥ ከድርጅቱ አስቀድሞ የወጣ የሥራ ባልደረባ፥ ሥራውን በቅርብ ያየ ደንበኛ። ስማቸው ከመጻፉ በፊት ግን ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፥ የሥራው ዐይነትና የሚደውለው ድርጅት ሊነገራቸው ይገባል። ሳያስበው የተጠራ ምስክር «አዎን፥ አውቀዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ይህም ዝምታ ከነቀፋ ይቈጠራል። የአክስቱን ልጅ «አለቃዬ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሰውም እንዳለ እናውቃለን። ይህ ለሠራተኛውም ለዘመዱም የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በታወቀም ቀን አዲሱን ሥራ ያሳጣል።

ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 12፥ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ብቻ ሳይሆን በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፥ የሠራውን ሥራ ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው።) ምክንያትን መግለጽ ግዴታ አይደለም። ብልህ ሰው እንግዲህ ይህን ወረቀት ሥራ መፈለግ ሲጀምር ሳይሆን፥ ነገር በሌለበት በሰላሙ ቀን አስጽፎ በቤቱ ያኖራል፤ ያን ጊዜ የሚጠረጥረው አይኖርም።

ከስልኩ ይልቅ ምስጢርን የሚያወጣ ሌላ በር ደግሞ አለ፤ እርሱም ዋስ ነው። ብዙ ድርጅቶች፥ ይልቁንም ገንዘብና ንብረት የሚያስረክቡት፥ ቅጥሩን ከመፈጸማቸው በፊት የሰው ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋሱም ከሚሠራበት ቤት የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል። አጠገቡ የተቀመጠውን ባልደረባውን ዋስ ያደረገ ሠራተኛ፥ ያ ደብዳቤ በራሱ አለቃ ፊት እንደሚፈረም ዘንግቷል ማለት ነው። ዋስ ከሌላ መሥሪያ ቤት ይፈለግ።

ለቃለ መጠይቅ በተጠራ ቀን «ታምሜአለሁ» ማለትም የተለመደ ነው፤ እኛ ግን አንመክርም። ከዓመት ፈቃድ አንድ ቀን መውሰድ ይሻላል። አለቃው ነገሩን ሰምቶ ፊት ለፊት ቢጠይቅም መካድ አይገባም፤ «የተሻለ ባገኝ ብዬ ሞክሬአለሁ፤ እስከዚያው ግን ሥራዬን አላጓድልም» ማለት ያስከብራል። በአዋጁ አንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱት ምክንያቶች መካከል ሌላ ሥራ መፈለግ አልተጠቀሰም።

አዲሱ አሠሪ በመጨረሻ ከአሁኑ አለቃ መስማት ግድ ነው ቢል፥ ቅጥሩንና ደመወዙን፥ የቀረውም ይህ ጥያቄ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ይስጥ። ያን ጊዜ ሠራተኛው ስልኩ ሳይቀድመው ራሱ ወደ አለቃው ገብቶ ይንገር፤ ከሌላ አፍ የሰማ አለቃ የሚሰጠው ምስክርነት መራራ ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ የአዲሱ ሥራ መጀመሪያ ቀን በዚሁ ይቈጠር፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቅ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። የሙከራ ጊዜም እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ እንደሚችል፥ በዚያም ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰናበት ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊመክሩበት ይገባል፤ የሁለት ወር አስቤዛ የሌለው ቤት ይህን ሳያስብ ባይነሣ እንወዳለን።

በሚለቁበት ቀን በእጅ ያለውን ንብረት ሁሉ በፊርማ አስረክቦ የርክክቡን ወረቀት ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። ቀሪው ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈል የሚገባው ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በዚሁ ርክክብ ምክንያት ነው።