ጥቃቅን አምሳሎችን በቅርብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

አንድ የግብረ እድ ጠቢብ የባቡር ጣቢያን ከነሐዲዱ፥ ከነመንደሩና ከነመንገደኞቹ በ1 ለ 87 ልኬት አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ ባቆመ ጊዜ፥ ቤቱም ዛፉም ሰውም በአንድ መጠን ተሰልተው የተሠሩ ናቸውና፥ ሥራው ቀርቦ ለሚያየው ሁሉ የተሟላ ንዑስ ዓለም ሆኖ ይታየዋል፤ ነገር ግን ያንኑ ሥራ በካሜራ አንሥቶ ምስሉን ሲመለከት፥ ያ ዓለም ተሰውሮ በቦታው የፕላስቲክ መጫወቻ ብቻ ያገኛል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ጉድለቱን በመሣሪያው ላይ አሳብቦ ውድ ሌንስ ለመግዛት ይነሣል። እኔ ግን የጉድለቱ ምክንያት ከመሣሪያ ዋጋ ይልቅ ከልኬት የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠቢቡ ግዑዙን ነገር ሁሉ ሲያሳንስ፥ ሊያሳንሳቸው ያልቻለ ሦስት ነገሮች፥ ማለት የተመልካቹ ዐይን፥ ከላይ የሚወርደው ብርሃንና በነገሮች መካከል ያለው አየር፥ እንደ ነበሩ ቀርተዋልና። የዚህ ፎቶግራፍ ትምህርት ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ወደ አምሳሉ ልኬት የማውረድ ትምህርት ነው።

1 ለ 87 ማለት 87 ሜትር ርዝመት ያለው ነገር በ1 ሜትር ተወክሎ ይሠራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሀምቡርግ ከተማ የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለው ታላቅ የአምሳል ባቡር ትርኢት የቆመው በዚሁ ልኬት ነው፤ የጦር ተሽከርካሪ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ 1 ለ 35ን፥ የአውሮፕላን ሠሪዎች 1 ለ 72ንና 1 ለ 48ን ይመርጣሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ቁጥር ከሠሪው ባልተናነሰ ሊያውቀው ይገባል፤ ካሜራውን የሚያስቀምጥበት ከፍታ እንኳ ከዚሁ ቁጥር የሚወጣ ነውና። ቆሞ የሚሄድ ሰው ዐይን ከመሬት 1.60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ በ87 ሲካፈል 18 ሚሊሜትር፥ በ35 ሲካፈል 46 ሚሊሜትር፥ በ24 ሲካፈል ደግሞ 67 ሚሊሜትር ይሆናል። እንግዲህ በ1 ለ 87 ልኬት የተሠራውን መንደር ከጠረጴዛው 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የሚያነሣ ሰው፥ በጣም ዝቅ ያለ መስሎት ሳለ፥ መንደሩን ያየው 4 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ካለ የፎቅ መስኮት ነው። ጀማሪ የሚያነሣቸው ምስሎች ከሞላ ጎደል ሁሉ ከላይ ወደ ታች ያዩ ናቸው፤ ቆሞ ወደ ጠረጴዛ የሚመለከት ሰው ርእየት ያ ነውና። ምስሉን የሚያይ ሰውም ይህን ማንም በቃል ሳያስረዳው በዐይነ ልቡናው ወዲያው ያውቀዋል፤ ከቤቶች ጣራ በላይ የሚቆም ተመልካች ግዙፍ ነው፥ ግዙፍ ተመልካች የሚያየው መንደርም መጫወቻ ነው።

ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው። በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው ስልኩን ገልብጦ ይያዘው፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ሌንሱ የሚገኘው በላይኛው ጫፍ ስለ ሆነ፥ ሲገለበጥ ጠረጴዛውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ አምሳሉ ሰው ቁመት ይወርዳል። ትልቅ ካሜራ ያለው ደግሞ አምሳሉን በጠረጴዛው ጠርዝ አድርጎ ካሜራውን ከጠርዙ ውጭ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ዝቅ አድርጎ ያቁመው። ርቀትም እንደ ከፍታ በዚያው ቁጥር ይባዛል፤ ከ1 ለ 87 አምሳል 40 ሴንቲሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ በዚያ ዓለም ሕግ 35 ሜትር ርቆ የቆመ ያህል ነው፤ ስለዚህ በጣቢያው መድረክ ላይ ከመንገደኞቹ ጋር የቆመ ሰው የሚያየውን ለማሳየት የሚፈልግ ሰው፥ ከሚያስበው እጅግ ይበልጥ መቅረብ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የዚህ ጥበብ ዋና ፈተና ነው። በእውነተኛ ጎዳና ላይ ቆመን ፎቶግራፍ ስናነሣ፥ ከጥቂት እርምጃ ፊት ካለው ሰው ጀምሮ በሩቅ እስከሚታየው ተራራ ድረስ ሁሉ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ሌንስ ወደ ነገሩ በቀረበ መጠን ግን ጥራቱ የሚይዘው ጥልቀት እየጠበበ ይሄዳል። ለምሳሌ ሙሉ መጠን ያለው ሴንሰር፥ ማለት ምስል ተቀባይ ገጽ፥ በተገጠመበት ካሜራ፥ ምስሉ በሴንሰሩ ላይ የነገሩ ሩብ ሆኖ እስኪያርፍ ድረስ ቀርበን ብናነሣ፥ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ብናጠበው እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በ1 ለ 35 የተሠራ 7 ሜትር ርዝመት ያለው ታንክ 20 ሴንቲሜትር ይሆናልና፥ ከፊት ለፊቱ ሲነሣ ዐሥር እጅ ካለው ርዝመት ዘጠኙ እጅ በጭጋግ ይሸፈናል ማለት ነው። ይህ ጭጋግ የትንሽነት ምልክት ሆኖ በሰው ልቡና ተቀርጿል፤ ይህም ስለ ሆነ የእውነተኛ ከተማን ፎቶግራፍ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል አደብዝዘው ከተማውን መጫወቻ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። እኛ የምንሻው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ጥልቀቱን ለማስፋት የመጀመሪያው መንገድ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከመጠን በላይ ሲጠብ ብርሃን በጠርዙ ላይ ታጥፎ ይበተናልና፥ ከኤፍ 16 ወዲያ ሲሄዱ ጥልቀቱ እየጨመረ ምስሉ በጠቅላላው ይለሰልሳል። ሁለተኛው መንገድ ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ መምረጥ ነው፤ ሴንሰሩ ባነሰ መጠን በአንድ ዐይነት ቀዳዳ የሚገኘው ጥልቀት ይሰፋል። ርካሽና ትንሽ ካሜራ ለዚህ ሥራ የማይናቅ መሣሪያ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚህም ትልቅ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው አሜሪካዊው ማይክል ፖል ስሚዝ፥ ኤልጂን ፓርክ ብሎ የሰየማትን ምናባዊ ከተማ በ1 ለ 24 መኪኖችና ቤቶች ሠርቶ ለዓለም ያሳየው በተራ የኪስ ካሜራ ነው። አምሳሎቹን ከቤት ውጭ በጠረጴዛ ላይ አቁሞ፥ ከኋላቸው እውነተኛ ዛፎችንና ቤቶችን አግብቶ ያነሣ ነበር፤ ምስሎችንም በኮምፒዩተር አያዋሕድም ነበር። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል፤ በማናቸውም ፎቶግራፍ አድማሱ የሚያርፈው በካሜራው ቁመት ልክ ነውና፥ ካሜራው በአንድ በኩል ከጠረጴዛው ላይ በአምሳሉ ሰው ዐይን ከፍታ፥ በሌላው በኩል ከእውነተኛው መሬት ላይ በቆመ ሰው ዐይን ከፍታ ከሆነ፥ የሁለቱ ዓለማት አድማስ አንድ ይሆናል፤ አንድ ከሆነም ዐይን ወሰናቸውን ለይቶ ለማግኘት ይቸገራል። እኔ በዚህ ጥበብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያምር የሐሳብ ሥራ አላውቅም።

ሦስተኛው መንገድ ኦስትሪያዊው የጦር መኮንን ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ሥራ የሚታወቅ ነው። እርሱ የደከመው ከአየር የሚነሡ ፎቶግራፎችን ለማቃናት ነበር፤ የእርሱን ስም የያዘው ሕግ ግን ሌንስ ወደ ፊት ሲያዘነብል የጥራቱ ገጽ ደግሞ አብሮ ተኝቶ በጠረጴዛው ላይ ሊነጠፍ እንደሚችል ስለሚያሳይ፥ ለአምሳል ፎቶግራፍም ታላቅ ረዳት ሆኗል። የሚያዘነብሉት ሌንሶች ግን ዋጋቸው ውድ ነው፤ ለጀማሪም አያስፈልጉም።

አራተኛውና ዲጂታል ካሜራ ያመጣው መንገድ ከሁሉ ይበልጣል። ካሜራው ሳይነቃነቅ፥ ብርሃኑም ሳይለወጥ፥ ፎከሱን መጀመሪያ በቅርቡ ነገር ላይ፥ ቀጥሎ ጥቂት ራቅ አድርጎ፥ እንዲሁ እስከ መጨረሻው እያራቁ ተከታታይ ምስሎችን ማንሣት ነው፤ ከዚያም እንደ ዩክሬኑ ሄሊኮን ፎከስ ወይም እንደ ዚሪን ስታከር ያለ ፕሮግራም ከየምስሉ ጥርት ያለውን ክፍል ብቻ እየመረጠ አንድ ያደርጋቸዋል። እንደ ኒኮን ዲ850 ያሉ ካሜራዎች ፎከሱን በየደረጃው ራሳቸው እያራመዱ ያነሣሉ፤ ይህ የሌለው ሰው ግን የሌንሱን ቀለበት በእጁ በጥቂት በጥቂቱ ቢያዞር ያው ውጤት ይገኛል፤ ዋናው ነገር በየደረጃው የሚጠሩት ክፍሎች ተደራርበው እንዲያልፉና በመካከላቸው ደብዛዛ ክፍተት እንዳይቀር መጠንቀቅ ነው።

ስለ ብርሃን የምለው ሁሉ ከአንድ እውነት ይነሣል፤ ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ይህ ማዕዘን አምሳሉ ቢያንስም ቢተልቅም አይለወጥም። የክፍል አምፖል በሰፊ መሸፈኛ ውስጥ ሆኖ በቅርብ ሲበራ ግን፥ ለትንሹ መንደር የሰማዩን ግማሽ የሚሸፍን ፀሐይ ይሆንበታል፤ ጥላዎቹም ጠርዛቸው እየቀለጠ ሐሰተኛነታቸውን ይናገራሉ። የፀሐይን ጥላ የሚፈልግ ሰው 2 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ መብራት ከ2 ሜትር ርቀት ቢያበራ፥ ያ መብራት ከአምሳሉ ሲታይ ከፀሐይ ጋር ተቀራራቢ ማዕዘን ይይዛል። ርቀቱ በሌላም ምክንያት ያስፈልጋል፤ መብራት ከአንዱ ቤት በ30 ሴንቲሜትር፥ ከሌላው በ60 ሴንቲሜትር ርቆ ሲቆም፥ ሁለተኛው ቤት የሚያገኘው ብርሃን የመጀመሪያው ሩብ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ፀሐይ ግን ከመንደር አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ስትደርስ አትደክምም። መብራቱም አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ጥላ ያለው ሰው በዚህ ዓለም የለምና። ጥላው በጣም ከጠቆረ ነጭ ካርቶን በሌላው ወገን አቁሞ ጥቂት ብርሃን መመለስ ይበቃል። በካሜራው ላይ የተገጠመው ፍላሽ ግን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው አምሳሉን ወደ ደጅ ማውጣት ነው፤ በሀገራችን የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትቆም፥ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ይመረጣል።

አየር በሥዕል ጠቢባን ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነገር ነው፤ ሩቅ ተራራ እየነጣና ሰማያዊ እየሆነ መሄዱን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በጽሑፉ አስተምሯል። በጠረጴዛ ላይ ባለው ዓለም ግን ከፊተኛው ቤት እስከ ኋለኛው ኮረብታ ያለው አየር አንድ ክንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁሉም እኩል ደምቆ ይታያል። ስለዚህ ከኋላ የሚቆመውን የተሣለ ሰማይና ተራራ ፈዘዝ ያለ ማድረግ፥ የኋለኞቹንም ቤቶች ቀለም ማለዘብ ያስፈልጋል። አየሩ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ውፍረቱ 0.07 ሚሊሜትር የሆነ የሰው ጠጉር በ1 ለ 87 ዓለም 6 ሚሊሜትር የሚወፍር ገመድ ሆኖ በመንገዱ ላይ ይጋደማል። ከማንሣት በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፥ ካነሡም በኋላ ምስሉን አጉልቶ መመርመር ግዴታ ነው።

የቀረው የመሣሪያ ሥርዓት አጭር ነው። አይኤስኦ፥ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት፥ 100 ይደረግ፤ የመዝጊያው ጊዜ የቱንም ያህል ቢረዝም አምሳል አይነቃነቅምና አያስፈራም፤ ጣት ካሜራውን እንዳያናውጥ የ2 ሰከንድ ማዘግያው ይከፈት፤ የቀለሙ ሚዛን በአንድ ዐይነት መብራት ላይ ይወሰን። ተማሪው በአንድ ቤትና በአንድ ሰው ይጀምር እንጂ ሙሉ መንደር ይዞ አይነሣ። አምሳሉን ከማንሣቱ በፊትም እውነተኛ ጎዳና ወጥቶ በዐይኑ ቁመት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይምጣ፤ አድማሱ የት እንዳረፈ፥ ጥላው ምን ያህል ስለታም እንደ ሆነ፥ የሩቁ ቤት ምን ያህል እንደ ፈዘዘ ከዚያ ምስል ይማራልና። ይህን ልማድ ከማናቸውም መጽሐፍ አስበልጬዋለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ቢባል፥ የጆን አለን ታሪክ መልስ ይሰጣል። በካሊፎርኒያ በሞንተሬ ከተማ የኖረው ይህ ሰው በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ ብሎ የሰየመውን የአምሳል ባቡር በ1 ለ 87 ልኬት ለብዙ ዓመታት ሠራ፤ እየሠራም ያነሣው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ዐረፈ፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ቤቱ በእሳት ተያይዞ አብዛኛው ሥራው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የተነሡ የአምሳል ባቡር ሠሪዎች እርሱን የሚያውቁት በፎቶግራፎቹ ነው።

በየትምህርት ቤቱ ማኬት የምትሠሩ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተ ብዙ ሌሊት የደከማችሁበት ሥራ ከግምገማው በኋላ ማኖሪያ ቦታ አጥቶ ሊፈርስ እንደሚችል ታውቃላችሁ። በ1 ለ 100 የሠራችሁት ሕንፃ የሰው ዐይን ከፍታው 16 ሚሊሜትር ነው። ማኬቱ ሳይፈርስ በአንድ ጧት ወደ ደጅ አውጡት፤ አቧራውን ጥረጉ፤ ስልካችሁን ገልብጡና ከደጃፉ ፊት በዚያ ከፍታ አንሡት።